የአስካለማርያም ቂምና ጥቁሩ ድጋፍ

አስካለማርያም ሰው ሲበድላት አትጮኽም። ዝም ነው የምትለው። ዝምታዋን ያየ ሁሉ "የዋህ ናት፣ የእናቷ ልጅ" ይላታል። እናቷ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስስ እውነትም የዋህ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና ዝንብ እንኳ እሽ ብለው አያባርሩም። ልጅቱ ግን ሌላ ናት። በደሉን እንደ ቋንጣ ትዘለዝለውና በጨው አሽታ ሆዷ ውስጥ ትሰቅለዋለች። ቋንጣ ደግሞ ቢቆይ ይደርቃል እንጂ አይበላሽም።

ተወልዳ ያደገችው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው። አባቷ ቄስ ነበሩ፤ እሷ ጡት ሳትጥል አረፉ። ለእናትና ልጅ የቀራቸው የእናቲቱ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የካህናቱን ነጠላና ጋቢ፣ የዲያቆናቱን ቀሚስ፣ የሠርግ ቤቱን፣ የልቅሶ ቤቱን ልብስ ሰብስበው ቁልቁል ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። እንዶድ ይወቅጣሉ፣ ድንጋይ ላይ ይደበድባሉ፣ ይጨምቃሉ። ጥምቀት ሲቃረብ አገሩ ሁሉ ነጭ ሊለብስ ስለሚፈልግ ሥራው ይብሳል፤ ብርዱም የሚከፋው ያን ጊዜ ነው። ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎት ያድራል። ውሃው እጅ ሲነካው ብርድ አይመስልም፣ ያቃጥላል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ደጃፍ ላይ ቆመው ታገኛቸዋለች። ጣቶቻቸው እያደር እንደ ዝንጅብል ተጣመሙ፤ እንጀራ መቁረስ እንኳ እያቃታቸው መጣ።

"እማዬ፣ ትምህርቴን ስጨርስ ልብስ የሚያጥብ ማሽን እገዛልሻለሁ" ትላቸው ነበር።

"ማሽኑ እንዶድ መውቀጥ ይችላል?"

"ሁሉንም ይችላል።"

"እንግዲያ እሱንም ማኅበር እናስገባዋለን" ብለው ይስቃሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ።

ደብረ ብርሃን ገብታ የማሽን ነገር ተማረች። ስትመረቅም እዚያው ከተማ፣ ፍሪጅና ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያም የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቀጠረች። ፋብሪካው ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነበርና ልብስ ማጠቢያ አልደረሰበትም፤ ስለዚህ ከከተማው ሱቅ ከውጭ የመጣ ገዛች። ሱቁ ውስጥ ሶኬት ላይ አስሰክታ፣ ከበርቴ ነጋዴ የሚገዛ ይመስል ዙሪያውን እየዞረች አየችው። ሲሽከረከር ድምፁ እንደ ንብ ነው። ከዚያ በነጫጭ ፎም ተደግፎ፣ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ ዓይኗ እያየ ታሸገ።

የሚያደርስላት ሰው ደምሴ ነበር። ደምሴ የጎረቤላ ልጅ፣ የአይሱዙ ጌታ፣ የእናቷ የሚካኤል ማኅበርተኛ።

"ጋሽ ደምሴ፣ አደራህን" አለችው።

"የምን አደራ! እኔ እኮ በዚህ መንገድ እንቁላል ጭኜ ሳይሰነጠቅ የማወርድ ሰው ነኝ።"

እሷ በሚኒባስ ቀድማ ሄደች። እናቷ ጎረቤት ጠርተው፣ ቤቱን ጠርገው፣ መሪጌታ ወልደአረጋይም ማሽኑን ሊባርኩ ተቀምጠው ጠበቁ። ደምሴ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ካርቶኑ ሲወርድ ከሥር ለቀቅ ያለ መስሏት ነበር፤ ከደስታ ብዛት ዓይኗ አየ እንጂ ልቧ አላየም። መሪጌታ ባረኩ። ሶኬቱ ተሰካ። ማሽኑ አንድ ሁለቴ ዞረና እንደተጨነቀች ጊደር ጮኸ። ከዚያ ውስጡ ያለው በርሜል ተገነጠለ፤ ውሃው ከእግሩ ሥር ተንዠቅዥቆ የመሪጌታን ጫማ አረጠበ። ጎረቤት ሳቀ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ግን አልሳቁም፣ አላለቀሱምም። ጨርቅ ያዙና በእነዚያ ጣቶቻቸው ወለሉን መወልወል ጀመሩ። አስካለማርያም ያን ማየት ነው ያልቻለችው።

"ከሱቅ ሲወጣ ደህና ነበር! መንገድ ላይ ነው የሰበረው!" አለች፣ በመጀመሪያም በመጨረሻም ጊዜ ጮኻ። በማግሥቱም ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ ተናገረች።

ደምሴ "ስሜ ጠፋ" ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ጠየቁት። እሱም ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ማለ። "ጽዋውን የምጠጣለት ሚካኤል ይፍረድ! ካርቶኑን በጣቴ ነክቼው ከሆነ ዓይኔን ያጥፋው!"

እንግዲህ በዚያ አገር ሰው በማኅበሩ መልአክ ከማለ ነገሩ አለቀ። የማለን ሰው "ዋሽተሃል" ማለት ከራሱ ከመልአኩ ጋር መሟገት ነው። መሪጌታ ወልደአረጋይ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ልጄ፣ የሰው ስም አጥፍተሻልና ካሺ" አሏት። መካሻውም የታወቀ ነው፤ ድንጋይ አንገት ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ "ይቅር በሉኝ" ማለት። የበደለ ሰው የሚያደርገው ነው።

"አልሸከምም" አለች።

እናቷ ቀሚሷን ያዟት። "አስኩ፣ ለኔ ስትዪ። አንቺ ነገ ደብረ ብርሃን ትሄጃለሽ። እኔ ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው።"

ተሸከመች። የወንዝ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ፣ ከባድ። አንገቷን ደፍታ ደምሴ ፊት ቆመች። ወጉ ተበዳይ ቶሎ ተነሥቶ ድንጋዩን እንዲያወርድ ነው። ደምሴ ግን አልተነሣም፤ እግሩን አነባብሮ ቆየ። ኋላ ተነሥቶ አወረደላትና ለተሰበሰበው ሰው "ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ! ከተማ አበላሻት" ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ።

የዚያን ዕለት ነው ቋንጣው የተሰቀለ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ማሽኑን አልጣሉትም። ሆዱ ውስጥ ገብስ አስቀመጡበት። የሰፈር ሰው "የለተጊዮርጊስ ጎተራ መስኮት አለው" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ወደ ወንዛቸው ተመለሱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመው ሲተኙ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡና፣ "ያ ማሽን ግን ልብሱን እንዴት ነበር የሚያጥበው?" ብለው ጠየቋት። አስካለማርያም የእናቷን ሁለት እጆች ይዛ በቀስታ አዞረቻቸው፤ ወደ ቀኝ፣ ቆም፣ ወደ ግራ። "እንዲህ ነው እማዬ።" ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። በዚያው ሳምንት አረፉ።

ከቀብር መልስ አስካለማርያም አለቃዋን አቶ ብርሃነ መስቀልን "ድጋፍ የሚሠራበት ክፍል መድቡኝ" አለችው። ሰውዬውን ገረመው። ያ ሥራ ማንም የማይፈልገው ሥራ ነበር። ሰው ፍሪጁን ያያል፣ ምድጃውን ያያል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ድጋፍ ግን ዕቃው ቤት ሲገባ ይጥላታል።

"ምን ያደርግልሻል?"

"እወደዋለሁ" አለች። ሌላ አላለችም።

እውነትም ወደደችው። ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ያለው በርሜል በሞላ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ቤት ውስጥ ሲሆን መልካም ነው፤ መንገድ ላይ ግን ከሥር የሚደግፈው ካጣ እንደ ደወል እየተወዛወዘ ጎኑን ይመታል። መጀመሪያ የተማረችው ይህንን ነው፤ ስትማረውም የእናቷ ማሽን በምን እንደሞተ አወቀች። ፋብሪካው ፎም ትቶ፣ ቀልጦ ሞልድ በሚሉት የብረት ቅርጽ ውስጥ እየተጨመቀ የሚወጣ ፕላስቲክ ጀምሮ ነበርና፣ ድጋፎቹን እሷ ትስላለች፣ ሞልዱ ይቀረጻል፣ የማቅለጫው ማሽን ሠራተኛ ቃለ አብ ያወጣቸዋል። ድጋፉ ዕቃውን ጠንካራ አጥንቱ ላይ ነው መያዝ ያለበት፤ እግሩን፣ ማዕዘኑን። ፊቱን አይነካም። ደግሞ ግትር መሆን የለበትም፤ የመንገዱን ዱላ እሱ ተቀብሎ ሰጠም ማለት አለበት፣ ልክ ደህና ባልንጀራ ሐዘን እንደሚቀበል። ጎድጓዳ አድርጋ፣ ከሥሩ የጎድን አጥንት የመሰለ መስመር እየሰጠች ትሠራለች። ባዶውን ሲሆን ደግሞ መጋዘን እንዳያጣብብ አንዱ አንዱ ውስጥ እንደ ሲኒ እንዲገባ አደረገችው። ለዚህ ብልሃቷ ተመሰገነች። ሳጥኑን ከነዕቃው ከፍ አድርገው በማዕዘኑ ሲጥሉት፣ ሲከፍቱት ምንም ሳይሆን ሲገኝ፣ ቃለ አብ እልል ይላል። እሷ ግን በልቧ "እማዬ፣ ይኸው" ትላለች።

ቃለ አብ የጫጫ ልጅ ነው፣ ቀልድ ወዳድ። "አንቺ ይህን ፕላስቲክ ስትስይ ለባል የምትጠልፊው ትራስ ይመስላል" ይላታል።

"ለጠላት ነው የምጠልፈው።"

"ምን ያለ ጠላት ነው በትራስ የሚመታ!"

ከዕለታት አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ አዳዲስ መኪኖች ቆሙ። ዕቃ ወደየከተማው የሚያደርስ ሰው ተቀጥሯል፤ አይሱዙው በዝቶለት ሦስት ሆኗል። ደምሴ ነበር። ሆዱ ወጣ ብሏል፣ ጥርሱ ግን ያው ነው። አያት፣ ለይቶ አወቃትና ጫኝና አውራጆቹ ፊት፣ ዘበኞቹ ፊት፣ "አንቺ የለተጊዮርጊስ ልጅ አይደለሽ? አደግሽ! ዛሬስ ድንጋይ አልተሸከምሽም?" አላት።

ጫኞቹ ነገሩ ባይገባቸውም ጌታቸው ሲስቅ ሳቁ።

"እንኳን ደህና መጣህ ጋሽ ደምሴ" አለች አስካለማርያም። ሳቀችም። ቃለ አብ ያን ሳቋን አይቶ፣ "ወይ ጉድ፣ ይሄ ሰውዬ አለቀለት" አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ብዙም አልቆየ፤ ከየሱቁ ስሞታ ይጎርፍ ጀመር። ማሽኖቹ በርሜላቸው ተገንጥሎ ይደርሳሉ። ነገር ግን ካርቶኑ ሲከፈት ድጋፎቹ በየቦታቸው፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይሰነጠቅ ተቀምጠዋል። እንግዲያ ድጋፎቹ አይረቡም ማለት ነው። አቶ ብርሃነ መስቀል ጠርቶ ፊት ነሳት።

"አስካለማርያም፣ ይሄ ሥራሽ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ወደ ፎሙ እንመለሳለን፤ አንቺም ወደ ሌላ ክፍል።"

አሁንም ጥፋቱ ወደ እሷ ዞረ። ዕቃው በደምሴ እጅ ይሰበራል፣ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች። ከቢሮው ስትወጣ ጆሮዋ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር።

ቃለ አብ ነገሩን ሲሰማ ጠጋ ብሎ፣ "ለሱ ጭነት ብቻ ስስ አድርገን አናወጣለትም? መንገድ ላይ እርግፍ ይልና ያበቃለታል" አላት።

አላሰበችውም አይባልም። አስባዋለች። የትኛውን መስመር ብታሳሳ የት ላይ እንደሚሰበር ታውቃለች። ግን ራሷን ነቀነቀች። "ከተሰበረማ ጥፋቱ የኔ ይሆናል። የኔ ጥፋት ውስጥ እንዲደበቅ አልፈቅድለትም። ራቁቱን ነው የምፈልገው።"

ድጋፎቹ ዕቃው ሱቅ ደርሶ ከካርቶኑ ሲወጣ ተሰብስበው ወደ ፋብሪካው ይመለሱ ነበር፣ ዳግም እንዲሠሩ። መጋዘን ገባችና የተመለሱትን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። ሌላ ሰው የጫናቸው ንጹሕ ናቸው። የደምሴዎቹ ግን ውስጣቸው፣ በትክክል የማሽኑ እግር የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ፣ የገብስ ገለባ አለ። ማሽኑ ተቀምጦበት ከነበረ ገለባ በየት ይገባል? አስካለማርያም መሬት ላይ ቁጭ አለች። ገባት። ሰውዬው ከፋብሪካው በር እንደራቀ የካርቶኑን ሥር ቀዶ ድጋፎቹን ያወጣል። ያኔ ሳጥኑ ጠበብ ይላል፣ መኪናው ላይ ለገብስ ጆንያ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ድጋፎቹን አንዱን አንዱ ውስጥ እያስገባ ጆንያ ላይ ይወረውራቸዋል፤ ያን ብልሃት የሰጠችው ደግሞ ራሷ ናት። ከተማ ሊገባ ሲል ቆም ይላል፣ መልሶ ይገጥማቸዋል፣ ካርቶኑን ይለጥፋል። "ከፋብሪካ የወጣው እንዲህ ነው" ይላል።

ለአለቃዋ ብትነግረው፣ "ገለባ? ነፋስ ያመጣው ቢሆንስ? እሱን ሰውዬ ድሮም ትጠዪዋለሽ አሉ" አላት። ደምሴ ወሬውን ቀድሞ አድርሶለታል።

ስለዚህ ዝም አለች። ወረቀቷ ላይ ጎንበስ ብላ ከረመች።

ፕላስቲክ አንድ ጠባይ አለው። ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ከልኩ አልፎ የታጠፈ እንደሆነ የታጠፈበት ቦታ ይነጣል። ቢያቃኑት አይጠቁርም፣ ቢያሹት አይለቅም። ሠሪዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እሷ ግን ለዚያ ጉድለት ስትል ቀለሙን ከግራጫ ወደ ጥቁር አስቀየረች። ድጋፉ ማሽኑ እግር ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍበት ቀጭን መያዣ ሠራችለት። ሱቁ ሲደርስ ባለሱቁ መያዣውን በመቀስ ይቆርጠዋል እንጂ አያጥፈውም፤ ይህም ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ተለጠፈ። መንገድ ላይ በጉልበት ያወጣው ሰው ግን ያጥፈዋል። የታጠፈ ይነጣል። መልሶ ቢቆልፈው ይቆለፋል፣ ደህና አድርጎ ይቆለፋል፤ ነጩ ጠባሳ ግን እዚያው ነው።

ደምሴ ጥቁሩን ድጋፍ ሲያይ፣ "ምነው የሐዘን አስመሰልሽው?" አላት ጭነቱን እያሳሰረ።

"ሐዘን እኮ አለብኝ፣ ጋሽ ደምሴ። መንገዱ ይቅናህ።"

ድጋፎቹ ሲመለሱ ከቃለ አብ ጋር ሆነው ቁልል ቁልሉን ዘረጉ። የሌሎቹ መኪኖች ጥቁር እንደሆኑ በመቀስ ተቆርጠዋል። የደምሴዎቹ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መያዣቸው ላይ የነጣ ጠባሳ አለባቸው። ቃለ አብ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አቶ ብርሃነ መስቀል መጣ፣ አየ፣ አንዱን ራሱ አጥፎ ሞከረ። ፊቱ ቀላ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። ከዚያ ግን እንደ ቢሮ ሰው ሆነና፣ "በቃ፣ ሌላ መኪና እንይዛለን። ነገር አናብዛ። ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ምን ያደርግልናል? ይሂድ" አለ።

ደምሴ ሄደ። ሄደና ጎረቤላ ላይ፣ "ያቺ ውሸታም የለተጊዮርጊስ ልጅ ዳግመኛ ስሜን አጥፍታ ከእንጀራዬ ነቀለችኝ" ብሎ አወራ። አገሩም አመነው። ለምን አያምነው? ምሎ የነጻ ሰው ነው፤ እሷ ድንጋይ የተሸከመች ናት።

ይህ ሲነገራት አስካለማርያም፣ "የማኅበሩ ተራ የማን ነው?" ብላ ብቻ ጠየቀች።

ኅዳር ሚካኤል ተራው የደምሴ ነበር። ቤቱ ሞልቷል፤ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ቀርቧል፣ መሪጌታ ወልደአረጋይ ጽዋውን ሊባርኩ ሲነሡ አስካለማርያም ጆንያ ተሸክማ ገባች። የደምሴ ሚስት ፍሬሕይወት ማሰሮ እንደያዘች መሐል ወለል ላይ ቆመች።

"እንደምን ዋላችሁ" አለች አስካለማርያም። "መሪጌታ፣ ጽዋው ሳይባረክ አንድ ነገር ልናገር። የእናቴ ማኅበር ነው፤ መናገር እችላለሁ።"

"ልጄ፣ ዛሬ የመልአኩ ቀን ነው።"

"ለዚህ ነው የመጣሁት፤ ምስክር ተቆጥሮ ቃሉን ሳይሰጥ የቀረው እሱ ስለሆነ።"

ደምሴ ሳቀ። "ይኸውላችሁ! ቤቴ ድረስ መጣች። ምን ይዘሽ ነው ደግሞ፣ ድንጋይሽን?"

ጆንያውን ገለበጠችው። ጥቁር ፕላስቲክ ወለሉን ሞላው። ለመሪጌታም፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሁሉም አዲስ አዲሱን አደለች። "እጠፏት። ይቺን ቀጭኗን።"

አጠፉ። አንድ እማሆይ "ውይ፣ ሸበተችብኝ!" አሉ። ሌላው ዳቦውን አስቀምጦ ሞከረ። እማሆይ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው በነጠላቸው ጫፍ አሹት፤ አልለቀቀም። "እንዴ፣ መልሷት፣ መልሷት" አለ አንዱ ሽማግሌ። "አትመለስም አባባ" አለች። ቤቱ ልጅ የሆነ ያህል ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ቆየ። ከዚያ ከደምሴ ጭነት የተመለሱትን አሳየቻቸው፤ ለምን እንደሚወጡ፣ ማሽኑ ለምን እንደሚሰበር፣ እሱ መልሶ እየገጠመ ጥፋቱን በማን ላይ እንዳላከከው ረጋ ብላ ነገረቻቸው።

"ውሸት ነው!" ደምሴ ተነሣ። "ራሷ አጥፋቸው ነው የመጣች! ሚካኤል ይፍ..."

"ቆይ" አሉ መሪጌታ ወልደአረጋይ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ቤቱን ቆረጠው። "ለመማል አትቸኩል። ከማልክ ያኛውንም ጨምረህ ማል። የለተጊዮርጊስንም ማሽን። ጽዋው ይኸው፣ እጅህን ጫንበት።"

ደምሴ እጁን ዘረጋ። ጽዋው ጋ አልደረሰም። አየር ላይ ቀረ። መልሶ ሰበሰበውና፣ "አንድ ጊዜ ምያለሁ። ሰው ስንት ጊዜ ይምላል?" አለ።

ይህን ጊዜ ፍሬሕይወት ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ነበርኩ የተቀመጥኩበት" አለች።

"አንቺ ዝም በይ!"

"አሥራ ምናምን ዓመት ዝም አልኩ። ያን ቀን መጀመሪያ ወደዚህ ሲያመጣኝ ነው። የጋቢናው ወንበር ሽቦው ወጥቶ ይወጋኝ ነበር። መኪናውን አቁሞ፣ ከካርቶኑ ሥር ነጩን ፎም አውጥቶ አነጠፈልኝ። 'ለሙሽራዬ' አለኝ። ደስ አለኝ። ልንደርስ ስንል ግን ተሰባብሮ ነበር፤ ገደል ውስጥ ወረወረው።" አስካለማርያምን አላየቻትም። "አንቺ ድንጋዩን ስትሸከሚ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር።"

ደምሴ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀደደ ስልቻ ቁጭ አለ። እማሆይ አማተቡ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ከደጅ ድንጋይ ይዞ ገባ፤ ማንም አላዘዘውም። ደምሴ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ያን ሆዱን እንደምንም አጥፎ አጎነበሰ።

"ይቅር በይኝ።"

አስካለማርያም ቆማ አየችው። ማጅራቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አየች። ይህን ቀን በአልጋዋ ላይ፣ በሚኒባስ፣ በሥራ ወንበሯ ላይ ስትስለው ኖራለች። ሰው በቀል ሲደርስበት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል ይላሉ። ለእሷ ባዶ አልነበረም። ማር ነበር።

"በይ እንጂ ልጄ፣ አውርጂለት" አሉ መሪጌታ።

"ወንዝ የወረደችው እኔ አይደለሁም" አለች። "ይቅርታውን ለእናቴ ይንገራት። መቃብሯ ቅርብ ነው፤ መንገዱንም ያውቀዋል፣ እንቁላል ጭኖ የሚሄድበት ነው።"

ደምሴ ድንጋዩን ተሸክሞ ወጣ። ጎረቤላ በበዓል ቀን ሰው ደጁ ላይ ነው። ሱቅ ያለው ከሱቁ፣ ጠላ ቤት ያለው ከጠላ ቤቱ እየወጣ አየ። ማኅበርተኛው ከኋላ ተከተለ። "ምን አድርጎ ነው?" ይላል አንዱ፤ "የለተጊዮርጊስን ማሽን፣ ያን ባለመስኮቱን" ይላል ሌላው። ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሲደርሱ መቃብሩ ላይ ተንበረከከና፣ "በውሸት ምያለሁ። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልጅሽ እውነቷን ነበር" አለ። አስካለማርያም፣ "አልሰማሁም" አለች። ደገመው። ያን ጊዜ ድንጋዩን አነሣችለት።

"ይቅር ብያለሁ በይ" አሉ መሪጌታ።

ድንጋዩን መቃብሩ ጎን አስቀመጠች።

"አስካለማርያም፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ይቅር ካላልሽ ዛሬ ጽዋው አይደርስሽም። ቁርባንም እንዲሁ።"

"አውቃለሁ አባቴ። ይቅርብኝ" አለች። እጃቸውን ስማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወደ መናኸሪያው ወረደች። የሚያቆማት አልነበረም። ድሮ የሳቁባት ሰዎች ሲያልፏት ጎንበስ እያሉ ሰላምታ ሰጧት፤ አንዳንዱን መለሰች፣ አንዳንዱን አልመለሰችም።

ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ፍሬሕይወት እየሮጠች መጣች። ጫማዋ አንዱ ወልቆ በእጇ ይዛዋለች። መስኮቱን ያዘች።

"እኔስ?" አለች እያለከለከች። "እኔንስ?"

አስካለማርያም ትኩር ብላ አየቻት። እጆቿን አየች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለማኅበሩ ዕቃ ስታጥብ የዋለች ናትና ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል።

"አንቺን ገና አላሰብኩሽም" አለቻት። "ዛሬ የሱ ቀን ነው።"

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ፍሬሕይወት መስኮቱን ይዛ ጥቂት ርምጃ አብራ ሄደችና ለቀቀች። አስካለማርያም ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው ጠጋ እንዲል ነገረችውና ወንበሯ ላይ ዘና ብላ ተደላደለች። ደብረ ብርሃን እስክትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ እንዲህ ተኝታ አታውቅም።